ኖምሳ የማታውቀው ቋንቋ

ጁን 7፣ ቅዳሜ

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ሚስ ቬርኔታ ናት። ለልጆቹ ብቻ የምታድል መስሎኝ ነበር፤ ለእኔም አንድ ዘረጋችልኝ። «ከመጋረጃ ጀርባ የሚቀመጥ ሰውም ይጽፋል» አለች። ምን ልጻፍ ብላት «እውነት የሆነውን» ብላኝ ሄደች። እንዲህ ያለውን ነገር ቀለል አድርጋ ነው የምትለው።

እውነት የሆነው እንግዲህ ይኸው። ፈይሩዝ እባላለሁ። አርባ ሦስት ዓመቴ ነው። አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ደም እመረምራለሁ። ሮዘተንቪል ከልጄ ከሀይፋ ጋር እኖራለሁ። ባለቤቴ ሚስባህ ከሞተ ስድስት ዓመት ሊሞላው ነው። የውጭ ሰዎች ሱቅ በተሰበረበት በግርግሩ ቀን ቮስሎሩስ ሰፈር ያለው ሱቁ ተቃጠለ፤ እሱ ውስጥ ተኝቶ ነበር። ጭሱ በእንቅልፉ ወሰደው። ምንም አልተሰማውም።

ሀይፋ አሥራ ስድስት ሞልቷታል። አስተማሪዎቿ «ጎበዝ ናት፣ ድምጿን ግን ሰምተነው አናውቅም» ይሉኛል። በማርች አንድ ቀን መጥታ «ቴአትር ገብቻለሁ» አለችኝ። ልግባ ወይ አላለችም። ቦታው የድሮው የፖርቱጋሎች ክለብ አዳራሽ ነው። ሚስ ቬርኔታ ከክሊቭላንድ የመጣች ጥቁር አሜሪካዊት ናት፤ እዚያ በሰፈሯ ለወጣቶች ቴአትር ስታሠራ ዕድሜዋን ፈጅታ፣ ጡረታ ስትወጣ እዚህ መጥታ ያንኑ ጀመረችው። እኔ ላግዝ ብዬ የገባሁት ልጄን ለመጠበቅ ነው። ሥራዬ ጽሑፉን ይዤ ከመጋረጃው ጀርባ መቀመጥና ቃል የጠፋበትን ልጅ በሹክሹክታ ማስታወስ ነው።

እዚህ ከጁን እስከ ኦገስት ብርዱ የሚበረታበት ወቅት ነው፤ አዳራሹም በረዶ ነው። አንድ ልጅ ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ ከጣሪያው ሥር ሌላ ሰው ቀስ ብሎ የሚደግመው ይመስላል። ሚስ ቬርኔታ ይህን ትወደዋለች። እኔ አልወደድኩትም።

ጁን 11፣ ረቡዕ

በችኮላ። ዛሬ ክሊኒኩ በር ላይ «የውጭ ሰው ይውጣ» የሚሉ ሰልፈኞች ቆመው የሚገባውን ሁሉ ፔፐር፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ሲጠይቁ አገኘሁ። የሥራ ባጄን አሳይቼ አለፍኩ። አንዷ ከኋላዬ «ደማችንን የምትይዘው ይቺ ናት?» ስትል ሰማሁ። ቀኑን ሙሉ የእያንዳንዱን ጠርሙስ ስም ሁለት ጊዜ አነበብኩ።

ጁን 14፣ ቅዳሜ



ልምምድ ላይ እያለን መብራት ጠፋ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ቢሆንም መስኮቶቹ በጣውላ ስለተመቱ አዳራሹ ጨለመ። ሚስ ቬርኔታ ልጆቹን ክብ አስቀመጠቻቸው።

«አንድ ጊዜ ሰምታችሁት ከጆሯችሁ አልወጣ ያለ ድምፅ አለ» አለች። «የማን እንደሆነ አትንገሩኝ። ድምፁን ብቻ አምጡልኝ።»

አንዱ የባቡር ፍሬን አሰማ። አንዷ የእናቷን ሳቅ። ቀጥሎ ኖምሳ ነበረች። ኖምሳ በጃንዋሪ ከቮስሎሩስ አክስቷ ዘንድ የመጣች ልጅ ናት፤ ከሀይፋ ጋር እኩያ ናቸው። እስከ ዛሬ ድረስ ከሰላምታ ሌላ ቃል ከአፏ ሰምቼ አላውቅም። ዓይኗን ጨፍና ቆየች። ከዚያ ድምጿ ወርዶ የወንድ ድምፅ ሆነና፣

«ልውጣ፣ ወይስ ልቆይ?» አለች።

«ቆ» ላይ ስትደርስ ዙሉዎቹ እንደሚያደርጉት ምላሷን ጠቅ አደረገችው። ሌላው ሁሉ ግን ልክ ነበር። «ወይስ» ላይ ድምፁን ሳብ ማድረጉ። መጨረሻው ላይ ትንፋሽ ማጠሩ። ሦስት ጊዜ አለችው። በሦስተኛው ሳል አቋረጣት።

ጽሑፉ ከእጄ ወድቆ ወረቀቱ ተበተነ። በጨለማ ስለቅም ማንም ፊቴን አላየም።

የዙሉ ቃል ሊሆን ይችላል። ቋንቋ ከቋንቋ ይመሳሰላል።

ጁን 15፣ እሑድ

ሀይፋ ዕቃ እያጠበች ነበር።

«እማ፣ ኖምሳ ያለችው አማርኛ ነው አይደል?»

«አይደለም።»

«‹ልውጣ ወይስ ልቆይ› ነው ያለችው።»

«ድምፅ ነው እንጂ ቃል አይደለም፣ ልጄ። አንቺ አማርኛ ስለምታውቂ ነው የመሰለሽ።»

«እሺ፣ እማ።»

ያጠበችውን ብርጭቆ አንስታ እንደገና አጠበችው። ሌላ ልጅ ብትሆን «ታዲያ ከየት አመጣችው?» ብላ ታደርቀኝ ነበር። ሀይፋ አትጠይቅም። አባቷ እንዴት እንደሞተ እንኳ አንድ ቀን ጠይቃኝ አታውቅም። የነገርኳትን ሰምታ ተቀበለች። አልሐምዱሊላህ።

ጁን 21፣ ቅዳሜ

ሚስ ቬርኔታ የኖምሳን ድምፅ የቴአትሩ መሠረት አደረገችው። ታሪኩ አንድ የተዘጋ በር አጠገብ ነው የሚሆነው፤ ሃያ ሁለት ልጆች በሩን ከበው በአንድ ድምፅ ይጠይቃሉ። ከሀይፋ በቀር ምን እንደሚጠይቁ አያውቁም። ሃያ አንዱ የሀገሩ፣ የኮንጎና የዚምባብዌ ልጆች ናቸው። ሀይፋ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፣ ድምፅ ግን ከእሷ አይወጣም። አጠገቧ ተቀምጬ ስለማይ አውቃለሁ።

ኖምሳ ግን ሌላ ሰው ሆናለች። ትስቃለች። ልጆቹን ታርማለች፤ «አይ፣ እንዲህ ሳይሆን፣ እዚህ ጋ ሳብ አድርጉት» ትላቸዋለች። ይህን ሳይ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

በሻይ ሰዓት ሚስ ቬርኔታ አጠገቤ ተቀመጠች። «አሥራ አራት ዓመቴ ሳለ ወንድሜ ተገድሎ ስምንት ወር አልተናገርኩም» አለችኝ። «በሰፈራችን የድሮ ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ ቴአትር ነበር። አንዲት ሴትዮ መጥረጊያ ሰጠችኝና መድረኩን ስጠርግ ሰነበትኩ። አንድ ቀን ልምምድ መሀል ቀና ብዬ ‹ዛሬ ማታ ይመጣል?› አልኩ። ወንበር ላይ የነበሩት አሮጊቶች ተቀብለው ‹አይመጣም፣ ልጄ። እኛ ግን አለን› አሉኝ። እኛ ዘንድ ተመልካች ዝም ብሎ አያይም። ከመድረክ የተጠየቀ ነገር መልስ ያገኛል።»

«መልሱን የሚያውቅ ሰው ከሌለስ?» አልኳት።

ፊቴን አየችኝ። «ሁሌም አለ» አለች።

ጁን 27፣ ዓርብ

ከሥራ ስመለስ ከፎቃችን ሥር ሕፃናት ገመድ ይዘላሉ። ከቴአትሩ ልጆች የአንዱ ታናናሾች ናቸው። ገመዱ መሬት ሲመታ «ልውጣ!» ይላሉ፤ እንደገና ሲመታ «ልቆይ!»፤ የምትስት ልጅ ትወጣለች። ከደረጃው ላይ ሆኜ ሳያቸው ቆየሁ። አንዷ፣ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ቀና ብላ አየችኝና መዝለሏን ሳታቆም እኔን ጠየቀችኝ። እኔን እያየች፣ በዚያው ቃል።

በሩን ሁለት ጊዜ ቆለፍኩ።

ጁላይ 5፣ ቅዳሜ

ኖምሳን ለብቻዋ አገኘኋት፤ መድረኩ ላይ ወንበር ትደረድር ነበር።

«ያንን ድምፅ ከየት ነው የሰማሽው?»

«ቮስሎሩስ ነው፣ ማማ» አለች። ወንበሩን ይዛ ቆመች። «ቤታችን ከአንድ ሱቅ ጋር ጀርባ ለጀርባ ነበር። ሰው ሁሉ ወጥቶ የሚሰብርበት ቀን፣ እናቴ ከቤቱ ኋላ ደበቀችኝ። ጆሮዬ የሱቁ ቆርቆሮ ላይ ነበር። ሰውዬው ውስጥ ሆኖ በስልክ ያወራል። አንድ ነገር ብቻ ነው የሚደጋግመው። ምን እንደሆነ ባውቅ ለእናቴ እነግራት ነበር። እናቴም ለሰው ትነግር ነበር። አላወቅኩም። ስለዚህ እንዳይጠፋብኝ ያዝኩት። ማታ ማታ አልጋዬ ላይ እለው ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ዝም አለ። የሚያዳምጥ ይመስለኛል። ከዚያ ቆርቆሮው ጋለ፣ እናቴ ጎተተችኝ።»

ወንበሩን አስቀመጠችው። «አንቺ ታውቂዋለሽ እንዴ? የአንቺ ሰዎች ቋንቋ ነው ብሎኛል አንድ ልጅ።»

«አላውቀውም» አልኩ።

ጁላይ 6፣ እሑድ

ፈጅር ሰግጄ ተቀመጥኩ። ሀይፋ ተኝታለች።

ሚስባህ ከወራቤ ነው፤ እኔ ከሻሸመኔ። መግባቢያችን አማርኛ ነበር። ሲጨንቀው ግን ወደ ስልጥኛው ይመለስ ነበር። ያን ቀን አልተመለሰም። እንዲገባኝ ፈልጎ ነው፣ አንድ ቃል እንኳ እንዳያመልጠኝ።

ተኝቶ ነበር ብዬ ነው ለሁሉም የነገርኩት። ለወንድሙ ለአብዱልወሀብ። ወራቤ ላሉት እናቱ። ተኝቶ ከነበረ ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ማን ደወለልኝ?

ለፖሊስ ደውዬ ነበር። «መንገድ ላይ ናቸው» አሉኝ። እኔ ለሚስባህ «ደርሰዋል» አልኩት። ውጭ ያሉት ሰዎች በጓሮ በኩልም እንዳሉ ስለነገረኝ ነው። ቢወጣ ይገድሉታል ብዬ ነው። ማንም እንዲሁ ይል ነበር።

ሀይፋ አሥር ዓመቷ ነበር። መኝታ ቤት የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር። በሩ ተዘግቶ ነበር። ተዘግቶ የነበረ ይመስለኛል።

ጁላይ 12፣ ቅዳሜ

አዳራሹ በር ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘን። የአዳራሹ ኮሚቴ ፔፐር የሌላቸው ልጆች ስም እንዲሰጠውና እነሱ እንዲወጡ፣ ካልሆነ በሩ እንደሚዘጋ ይላል። ሚስ ቬርኔታ ወረቀቱን ጮክ ብላ አነበበችላቸውና «እኔ የምናገርላችሁ አይደለም» አለች። «ኮሚቴው ሐሙስ ይሰበሰባል። ማን እንደሚናገር እናንተ ምረጡ።» ልጆቹ ሀይፋንና ኖምሳን መረጡ። እኔ መሀል ገብቼ «ሀይፋ ሐሙስ አይመቻትም» አልኩ። ሀይፋ ወደ እኔ ሳትዞር «ይመቸኛል» አለች።

ከሰዓት አብዱልወሀብ መጣ። «እህቴ፣ ልጅቱን ከዚህ ነገር አውጫት። የሎኬሽኑ ሰፈር ሕዝብ እንደገና ሊነሳብን ነው እየተባለ ነው። ዛንድስፕሩት ሰፈር ያሉት የእኛ ልጆች ሱቃቸውን ዘግተዋል። በዚህ ሰዓት መድረክ ላይ ወጥቶ መታየት ምን ይባላል?»

«አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። እንዴት ላስቀራት?»

«ወንድሜ እንኳን ሳያውቀው ነው የሄደው። እኛ ነቅተን ምን ልናይ ነው?»

ሀይፋ ይህን ስትሰማ ተነስታ ወጣች። በሩን በኃይል አላጋጨችውም። ቀስ ብላ ነው የዘጋችው።

ጁላይ 17፣ ሐሙስ

ሰባት የኮሚቴ ሰዎች ከረጅም ጠረጴዛ ኋላ። ልጆቹ ሃያ ሁለቱም መጥተው ቆመዋል። ሀይፋ ነበረች የጀመረችው። ድምጿ መጀመሪያ አልወጣም፤ እኔ ከልማድ የተነሳ ከንፈሬን ማንቀሳቀስ ጀመርኩ፤ የማስታውሳት ቃል ግን አልነበረኝም።

«ስም ዝርዝር ጠይቃችኋል» አለች በመጨረሻ። «የሁላችንንም ይዘናል። አንዱን ብቻ ለይታችሁ ልታወጡ አትችሉም፤ አንዳችን ከጎደልን ቴአትሩ አይሠራም።»

ሊቀመንበሩ «ይህ ሕግ ነው፣ ቴአትር አይደለም» አለ።

ኖምሳ ወደ ፊት ወጣች። በዙሉ ነው የተናገረችው፤ ያልገባኝን ሀይፋ ኋላ ነገረችኝ። «ልጅ ሆኜ ሰው ሲቃጠል ከጎኑ ነበርኩ፤ ዝም አልኩ። አሁን ልጅ አይደለሁም» ነው ያለችው። ከጠረጴዛው ጫፍ የነበረች አሮጊት የራስ መሸፈኛዋን አስተካክላ «ይሥሩ» አለች። አራት እጅ ተነሳ። በሩ ክፍት ሆኖ ይቆያል።

ልጄ በሰው ፊት ስትናገር መስማቴ የመጀመሪያዬ ነው። ሳልኮራ አልቀረሁም። ግን መንገድ ላይ ሁሉ የማስበው ቴአትሩ በሚታይበት በኦገስት ዘጠኝ የሚመጣውን የሐበሻ ተመልካች ነበር። ሃያ ሁለት ሰው ያንን ቃል ሲል የሚገባቸው ሰዎች። አብዱልወሀብ።

ጁላይ 19፣ ቅዳሜ

ዛሬ ያደረግኩትን እጽፋለሁ፤ እጽፋለሁ ብያለሁና።

ሚስ ቬርኔታን ቃሉን አስወጪው አልኳት። «የእኔ አይደለም፣ ኖምሳን ጠይቂ» አለች። ኖምሳ ዘንድ ሄድኩ። «አሁን ትዝ አለኝ» አልኳት። «ስድብ ነው። የሚያስጠላ ስድብ። ስለ እናት። የእኛ ሰዎች ፊት ብትሉት ያፍሩባችኋል።»

ፊቷ ላይ የሆነውን ለመግለጽ አልችልም። «ሰውዬው እየተሳደበ ነበር?» አለች።

«ተናዶ ይሆናል።»

«ስድስት ዓመት» አለች፣ ለእኔ ሳይሆን።

ጁላይ 26፣ ቅዳሜ

ኖምሳ አልመጣችም። ስልኳን አታነሳም። አክስቷ፣ ስድብ ነው ከተባለች ወዲህ ቤት ውስጥ እንኳ መናገር እንዳቆመች ነግራናለች። ልጆቹ ክብ ሠርተው የእሷን ቦታ ክፍት ተዉት። በሩን ከበው ሲጠይቁ ከዚያ ከባዶው ቦታ አንድ ድምፅ የሚጨምር መሰለኝ። ሃያ አንድ ቆጠርኩ። የሰማሁት ሃያ ሁለት ነው።

ሀይፋ በታክሲ ስንመለስ ሙሉውን መንገድ በመስኮት ስታይ ቆየች። ስንወርድ፣

«ስድብ ነው አልሻት» አለች።

ቁልፉን ከቦርሳዬ መፈለግ ጀመርኩ።

«እማ፣ ሂጂና አስተካክይው። እኔ አልሄድልሽም።»

ጁላይ 27፣ እሑድ

ሄድኩ። ኖምሳ ብርድ ልብስ ለብሳ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች። በዙሉ «ሳውቦና» ብዬ ሰላም አልኳት፤ አልመለሰችም። አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«ዋሽቼሻለሁ» አልኩ። «ስድብ አይደለም። ‹ልውጣ፣ ወይስ ልቆይ› ነው የሚለው። ሌላ ምንም የለበትም።»

ከዚያ በእንግሊዝኛ ቀስ ብላ ደገመችው፤ በሚገባት ቋንቋ ለመጀመሪያ ጊዜ። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ሰው ይጠይቅ ነበር ማለት ነው። ማንን?»

«አላውቅም» አልኩ።

አሁንም እዚያው ላይ ሆኜ ዋሸሁ። አፌ ለምዶታል። እሷ ግን እጄን ይዛ አመሰገነችኝ።

ኦገስት 2፣ ቅዳሜ

ኖምሳ ተመልሳለች። ትርጉሙን ለሁሉም ነግራቸዋለች። አሁን ሲጠይቁ እያወቁ ነው። ከበፊቱ ይልቅ ቀስ ብለው ይሉታል፤ ከበፊቱ ይልቅ ያስፈራል። ሚስ ቬርኔታ መልሱን ባዶ ትታዋለች። «ተመልካቹ ይሙላው» ትላለች።

ኦገስት 10፣ እሑድ

ትናንት ምንም መጻፍ አልቻልኩም።

አዳራሹ ሞልቶ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። የልጆቹ እናቶች፣ የኮሚቴዋ አሮጊት፣ ከሐበሾቹ ወደ ሠላሳ ሰው። አብዱልወሀብ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበር። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ጽሑፌን ይዤ።

የመጨረሻው ትዕይንት ደረሰ። መብራቱ ቀነሰ። ልጆቹ በሩን ከበቡት። ኖምሳ ብቻዋን ጀመረች፣ በዚያ ድምፅ። ከሐበሾቹ በኩል አንድ ሰው «ያ ረቢ» ሲል ተሰማኝ። ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ።

«ልውጣ፣ ወይስ ልቆይ?»

ጣሪያው ደገመው። ማንም አልመለሰም። ሁለተኛ ጠየቁ። አብዱልወሀብ በመጋረጃው ጫፍ በኩል ይታየኛል፤ ወደ ፊት ጎንበስ ብሏል። ሦስተኛ ጠየቁ።

ሀይፋ ከክቡ ወጣች። ጽሑፉ ላይ የለም። ሄዳ ከበሩ በዚህኛው ወገን፣ እኔ ወደ ተቀመጥኩበት ጎን ቆመች። እጇን ወደ ጆሮዋ አነሳች።

«አትውጣ!» አለች። «ሚስባህ፣ ስማኝ፣ አትውጣ! ፖሊስ ደርሷል፣ በሩ ላይ ናቸው። ዝም ብለህ ቆይ!»

የእኔ ድምፅ ነበር። እንደ እኔ አይደለም የምለው፤ የእኔ ድምፅ ነበር፣ የዚያን ቀኑ። ስጮኽ ድምፄ የሚሰነጠቅበት ቦታ ላይ ተሰነጠቀ። ከራሴ አፍ የወጣ መስሎኝ አፌን በእጄ ያዝኩት።

በሩ አልተከፈተም። መብራቱ ጠፋ። ለረጅም ጊዜ ማንም አላጨበጨበም። ከዚያ የኮሚቴዋ አሮጊት በዙሉ አንድ ነገር ማንጎራጎር ጀመረች፣ ሌሎችም ተቀበሏት።

አብዱልወሀብ ከመጋረጃው ጀርባ መጣ። ቆሞ አየኝ። «ተኝቶ አልነበረም» አለኝ።

«አልነበረም።»

«አንቺ ነሽ ቆይ ያልሽው።»

«እኔ ነኝ።»

ብዙ ነገር ይላል ብዬ ጠበቅኩ። ጎኔ ካለው ሣጥን ላይ ተቀመጠና ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ሲሄድ ሀይፋን ግንባሯን ሳማት። እኔን አላየኝም። አሁንም አልደወለም። ላይደውል ይችላል።

ከሀይፋ ጋር ቤት እንደገባን ኩሽና ተቀመጥን።

«በሩ ተዘግቶ አልነበረም» አልኩ።

«ስፒከር ላይ ነበር ያደረግሽው፣ እማ። ለፖሊስ በሌላው ስልክ ለመደወል። ሁሉንም ሰማሁ።»

«ለምን ስድስት ዓመት ዝም አልሽ?»

«ተኝቶ ነበር ስትይኝ እንዳምንሽ የፈለግሽ መሰለኝ። ሌላ ምን ላደርግልሽ እችል ነበር? አሥር ዓመቴ ነበር።»

አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም።

«አንድ ነገር ረስተሻል» አለች። «ከዚያ በኋላ ድምፁ ሲጠፋ ስልኩን አልዘጋሽውም። ‹አለሁ፣ አለሁ› ትይው ነበር። ከበሩ ሥር እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ መሽቷል። አሁንም ‹አለሁ› ትያለሽ።»

ይህን አላስታውስም። የቱንም ያህል ብሞክር አይመጣልኝም። ሀይፋ ግን አትዋሽም።

ኦገስት 13፣ ረቡዕ

ከሥራ በቀጥታ ኖምሳ ዘንድ ሄድኩ። ሀይፋ ልሂድ ብላ አብራኝ መጣች። ኖምሳ ደጁን ስትጠርግ አገኘናት።

«ማንን ነበር የሚጠይቀው ብለሽኝ ነበር» አልኩ። «እኔን ነው። ባለቤቴ ነበር።»

መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈችው። ቀድሞ ያወቀችው መሰለኝ፤ ከቅዳሜ ወዲህ ያላወቀ የለም። የምትቆጣ መስሎኝ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ዋሽቻታለሁና። ሀይፋን አየቻት፣ እኔን አየችኝ።

«ሰፈራችን ሁሉም ባለሱቁን ‹ማይ ፍሬንድ› ነበር የሚለው» አለች። «ስሙ ማን ነበር?»

«ሚስባህ።»

«ሚስባ።»

«ህ አለበት መጨረሻው ላይ» አለች ሀይፋ። «ከጉሮሮሽ አውጪው። ልክ ብርድ ላይ ስትተነፍሺ።»

ኖምሳ ወደ ላይ ቀና ብላ ሞከረችው። አልሆነም። እንደገና ሞከረች። ከአፏ ትንሽ ጉም ወጣ፤ ስሙ ሙሉ ሆኖ አብሮት ወጣ።